የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የድሮዎቹን የቪዲዮ መነጋገሪያዎች ስንመዝን

ዘንድሮ የክበባችን ዋና ሥራ አንድ ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰዎች ቤታቸው ባለች ኮምፒውተር እየተያዩ ለማውራት የተጠቀሙባቸውን ሶፍትዌሮች መመዘን። ሌላም ሠርተናል። ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በአማርኛ መተየብ አስተምረናል፤ የቤተ መጻሕፍቱን መዝገብ ኤክሴል ላይ አስገብተናል። እነዚህን በዚሁ ልለፋቸው። የዓመቱን ጉልበት የበላው የመጀመሪያው ነው፤ ልጆቹን ሲያከራክር የከረመውም እሱ ነው።

መነሻችን የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነባቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች እዚያ ተቀምጠው ነበር። በውስጣቸው ኔትሚቲንግ የሚባል የማይክሮሶፍት የቪዲዮ መነጋገሪያ ፕሮግራም አለ። «ረን» ላይ አጭር ትእዛዝ ሲጻፍለት ብቅ ይላል። የ10ኛ ክፍል አባላቱ ሲያዩት ማመን አቃታቸው። ለእነሱ የቪዲዮ ጥሪ ማለት ከስማርት ስልክ ጋር የመጣ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ምን እንደነበር ለማወቅ ፈለጉ፤ ዓመቱ እንዲህ ተጀመረ።

ሦስት ፕሮግራሞች መረጥን፦ ሲዩ-ሲሚ፣ የኢንቴል ፕሮሼር እና ኔትሚቲንግ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በንባብና በስሌት፣ ሦስተኛውን በእጃችን ለመፈተሽ ተስማማን። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ አባል «ጥሩ የቪዲዮ መነጋገሪያ ምን ማሟላት አለበት?» ለሚለው መልሱን በወረቀት ጽፎ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ። ሁሉም ለማለት ይቻላል አንደኛ ያደረጉት የምስል ጥራትን ነው። ወረቀቶቹን ሰብስቤ አስቀመጥኳቸው።

ሲዩ-ሲሚ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየን፤ ይገባዋልም። አሜሪካ ውስጥ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቲም ዶርሲ በ1992 ለማኪንቶሽ የሠራው ነው። የዊንዶውሱ በ1994 ተከተለ። በነፃ ነበር የሚሰጠው። ምስሉ ቀለም የለውም፤ 16 የግራጫ ደረጃዎች ብቻ። ትንሹ መጠን በአግድም 160፣ በቁመት 120 ነጥብ ነው። ሲጀመር ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

እዚህ ላይ ሰሌዳውን ለልጆቹ ለቀቅሁላቸው። 16 ደረጃ ለመለየት አንድ ነጥብ 4 ቢት (ቢት የመረጃ ትንሹ መለኪያ ነው) ይወስዳል። 160 በ120 በ4 ሲባዛ 76,800 ቢት ይሆናል። በ1994 አካባቢ ፈጣን የሚባለው የቤት ሞደም (ኮምፒውተርን በስልክ መስመር የሚያገናኘው መሣሪያ) በሰከንድ 28,800 ቢት ያስተላልፍ ነበር። ስለዚህ ያቺ ትንሽ ምስል እንዳለች ብትላክ 2.7 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። የ14,400ው ሞደም ላለው ደግሞ ከ5 ሰከንድ በላይ። «ታዲያ እንዴት ቪዲዮ ይባላል?» አለ አንዱ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

መልሱ ምስሉን መቆራረጥ ነው። ፕሮግራሙ ምስሉን እያንዳንዳቸው 8 በ8 ነጥብ ወደሆኑ ካሬዎች ይከፍለዋል። ከዚያ ልብ የሚባል ለውጥ ያሳዩትን ካሬዎች ብቻ ይልካል። ይህን በኮምፒውተር አላሳየንም፤ በካርቶን ሠራነው። 20 በ15፣ ጠቅላላ 300 ካሬ ያለው ሰሌዳ ሁለት አዘጋጀን። አንዱ ክፍሉ ፊት ለፊት፣ ሌላው መጨረሻው ወንበር ጋር። አንደኛው ቡድን ፊት ስሎ አፉን ብቻ ሲቀይር የተለወጡትን ካሬዎች ቁጥርና ቀለም ይጠራል፤ ሌላው ቡድን ያንኑ ያጠቁራል። አፍና ዓይን ሲንቀሳቀስ ጥሪው ቶሎ አለቀ። «አሁን ሰውዬው ተነስቶ ይሂድ» ስላቸው ግን ጠሪው ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኸ፤ ተቀባዮቹም ግማሽ ፊት ከግማሽ ግድግዳ ጋር ቀላቅለው ቀሩ። የዚያን ዘመን ተጠቃሚዎች ስክሪናቸው ላይ ያዩት ይህንኑ ነው። አንድ ካሬ 256 ቢት ስለሆነ በ28,800 ሞደም በሰከንድ 112 ካሬ ቢሄድ ነው፤ እሱም ድምፅን ሳንቆጥር። በስልክ መስመር የሚገቡ ብዙዎች እየተያዩ በጽሑፍ የሚያወሩት ለዚህ ነበር።

የሲዩ-ሲሚ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ። ሪፍሌክተር የሚባል የሰርቨር ፕሮግራም ነበረው። የአንዱን ምስል ተቀብሎ ለብዙዎች ያካፍላል። ስለዚህ በርካታ ሰዎች በአንድ ጊዜ መተያየት ቻሉ። በ1993 ግሎባል ስኩልሃውስ በተባለ ፕሮጀክት የአሜሪካና የለንደን ተማሪዎች በዚሁ ፕሮግራም ተገናኝተዋል። ተማሪዎች ነበሩ፤ የእኛዎቹ ዕድሜ። ይህን ስናነብ ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ደስታ ብታዩት!

ካሜራውም ታሪክ አለው። ኮኔክቲክስ የተባለው ድርጅት በ1994 ክዊክካም የምትባል ክብ ካሜራ አወጣ፤ ዋጋዋ 100 ዶላር አካባቢ። ከዚያ በፊት ካሜራም፣ ምስሉን የሚቀበል ካርድም መግዛት ያስፈልግ ነበር። በኋላ የወጣችው የፒሲዋ ክዊክካም በፕሪንተሩ ሶኬት እየገባች ኤሌክትሪኩን ከኪቦርዱ መስመር ትወስድ ነበር። ዩኤስቢ ብቻ ለሚያውቅ ልጅ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ ሥዕል አስፈልጎናል።

ፕሮሼርን ባጭሩ። በ1994 የወጣ፣ ዋጋው ከ2,000 ዶላር በላይ የነበረ፣ አይኤስዲኤን የሚባል ዲጂታል የስልክ መስመር የሚፈልግ ዕቃ ነው። መስመሩ በሰከንድ 128 ሺህ ቢት ይሰጣል። ባለ ቀለም ነው፤ ድምፁም ከምስሉ ጋር አብሮ ይሄዳል። ልጆቹ ለጥራቱ ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡት፤ ለዋጋው ደግሞ ዜሮ። እኔም የምጨምርበት የለኝም፤ ለቢሮ እንጂ ለቤት አልነበረም።

ወደ ኔትሚቲንግ ስንመጣ ነገሩ ሞቀ። ኮምፒውተር ክፍሉን ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር በኔትወርክ ገመድ አገናኘን። በሁለቱም ጫፍ አሮጌ ዌብካም አስቀመጥን። ፕሮግራሙ ውስጥ ያገኘነው ምርጥ ነገር መስመርህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው ቦታ ነው። ባለ 14,400 ሞደም፣ ባለ 28,800፣ አይኤስዲኤን ወይም ኬብል፣ ወይስ የውስጥ ኔትወርክ? ገመዳችን ፈጣን ቢሆንም «14,400 ነው» ስንለው ራሱን በዚያ ልክ ይቆጥባል። ያለፈውን ዘመን በአንድ ምርጫ ማየት ቻልን። ምስሉ ፎቶ ሆነ፤ ቆይቶ ብቻ ይለወጣል። ድምፁ ግን ቀጠለ። ምክንያቱም ፕሮግራሙ ቅድሚያ የሚሰጠው ለድምፅ ነው፤ ድምፁን በሰከንድ ወደ 6,400 ቢት ድረስ አጥብቆ ማስተላለፍም ይችላል።

አንዲት ተማሪ ወዲያው አነሳችው። እናቷ ዱባይ ናቸው፤ በኢሞ ይደዋወላሉ። ኔትወርክ ሲደክም ምስላቸው ቀጥ ይላል፤ ድምፃቸው ግን ይመጣል። «ድምፃቸው እስካለ ደህና ነኝ፤ ምስሉ ኖሮ ድምፁ ሲጠፋ ነው የምናደደው» አለች። ያን ቀን መጀመሪያ የሰበሰብኩትን ወረቀት መለስኩላቸው። አብዛኞቹ የምስል ጥራትን ሰርዘው ድምፅን አንደኛ አደረጉ። የድምፅ መዘግየትና የገደል ማሚቶም ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ። ማሚቶውን ያቆምነው የሚኒ ሚዲያ ክበብ የጆሮ ማዳመጫ ስላዋሰን ነው፤ እናመሰግናለን።

ነገሩ እዚያ ያበቃል ብዬ ነበር። አንድ መስማት የተሳነው አባል ግን እጁን አወጣ። በምልክት ቋንቋ መምህርቷ በኩል «ለእኔ ድምፅ አንደኛ ሊሆን አይችልም» አለን። እውነቱን ነው። እሱና ጓደኛው በኔትሚቲንግ በምልክት ቋንቋ እንዲያወሩ አደረግን። ፕሮግራሙ ጥራትና ፍጥነትን የሚያመዛዝን ማንሸራተቻ አለው። ወደ ጥራት ሲሳብ ፊታቸው ጠራ፤ እጃቸው ግን እየዘለለ ቃሉ ተቆረጠ። ወደ ፍጥነት ሲሳብ ምስሉ ደበዘዘ፤ እነሱ ግን ተግባቡ። ማንሸራተቻውን እሱ ራሱ ወደ ፍጥነት አድርጎ እዚያው ተወው። 14,400 ላይ ስንሞክረው ደግሞ ጭራሽ መነጋገር አልቻሉም። ለሌሎቻችን የሚበቃው መስመር ለእነሱ ባዶ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመመዘኛ ሠንጠረዡን እንደገና ሠራነው። አሁን የመጀመሪያው ዓምድ «ማን ነው የሚጠቀመው?» የሚል ነው። በድምፅ ለሚያወሩ ሁለት ሰዎች ኔትሚቲንግ ይመረጣል። ለብዙ ሰው ግን ያንሳል፤ ጽሑፉና በጋራ የሚሣልበት ሰሌዳው ለብዙ ሰው ቢሠራም ድምፅና ምስሉ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው አያልፍም። ሲዩ-ሲሚ በዚህ ይበልጠዋል። አንዳንድ አባላት ሁሉንም ነጥብ ደምረን አንድ አሸናፊ እናውጣ ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። እኔ አልተስማማሁም። የሁሉ ድምር ሲወጣ የዚያ ልጅ ችግር በአማካዩ ውስጥ ይሰወራል። ክርክሩ እስከ ወላጆች በዓል ዘልቆ ሠንጠረዡ ያለ ድምር ተለጠፈ፤ ድምር የፈለጉትም ሀሳባቸውን ከሥሩ ጽፈው ፈረሙበት።

በሚቀጥለው ዓመት ሲዩ-ሲሚን በእጃችን መፈተሽ እንፈልጋለን። ለዚህ ዊንዶውስ 95 ወይም 98 የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ የፕሪንተር ሶኬት ያለው አሮጌ ካሜራና የድምፅ ካርድ ያስፈልጉናል። ቤታችሁ አልጋ ሥር የቀረ ካለ ቢበላሽም አምጡልን፤ ጥገናውን እኛ እንሞክራለን። አዲስ አባላት የምንመዘግበው በጥቅምት ወር፣ በኮምፒውተር ክፍሉ ነው፤ የምልክት ቋንቋ የሚችሉ ተማሪዎች በተለይ ይምጡ።