ባሕር ዳር በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ቅዳሜ ስለ አገር ውስጥ በረራ ያወጣችሁት ጽሑፍ «ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ብትርቅም በአውሮፕላን የ1 ሰዓት መንገድ ናት» ይላል። 560 የመኪናው ነው። ከቦሌ ባሕር ዳር ኤርፖርት በቀጥታ መስመር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጡረታ የወጣሁ ቀያሽ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ ካርታና ማስመሪያ ካላወጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቀሪው 230 ኪሎ ሜትር የት ገባ? ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን የዓባይ በረሃ ያየ ሰው አይጠይቅም። መኪና እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ከዚያ ደግሞ በደብረ ማርቆስ ዞሮ ነው የሚገባው።

የ1 ሰዓቱም ነገር ማብራሪያ ይፈልጋል። በዚህ መስመር የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 አየር ላይ ከተስተካከለ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በዚህ ሒሳብ ግማሽ ሰዓት በበቃው ነበር። ግን ተራ መጠበቁ፣ መውጣቱ፣ መውረዱ አለ። የቦሌ መንደርደሪያም የተዘረጋው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሆነ፣ ተነስቶ ወደ ሰሜን መዞር አለበት።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ የጎጃም መንገድ ላይ። የባሕር ዳር አውቶቡስ በደጃፌ ነው የሚያልፈው። ጥር ላይ የእህቴን ልጅ ልድር ስነሳ ግን የመኪናው መንገድ አሳሰበኝና በአየር ልሂድ አልኩ። በረራው ጠዋት 1 ሰዓት፣ 11 ሰዓት ላይ ድረሱ ተባለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ኮንትራት ላዳ ይዤ ወጣሁ። መስኮቷ አይዘጋም፤ ሹፌሩ በፌስታል ወትፎታል። እንጦጦን ስንወርድ ፌስታሉ ሲንጫጫ ጆሮዬን በጋቢዬ ሸፈንኩ። እንግዲህ ወደ ሰሜን ለመሄድ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝኩ ማለት ነው።

ፍተሻ፣ ጫማ ማውለቅ፣ ቀበቶ መፍታት፣ ጥበቃ። ብቻ ተነሳን። 10 ደቂቃ ያህል እንደበረርን ቁልቁል ሳይ ሜዳው የሱሉልታ ሜዳ፣ አስፋልቱ እንደ ክር። ሰዓቴን አየሁ። ከቤቴ ከወጣሁ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆኖኛል፣ ያለሁት ግን ሰፈሬ አናት ላይ ነው! ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «አባባ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። 2 ሰዓት ገደማ አረፍን። ባጃጅ ይዤ እህቴ ቤት ስገባ 3 ሰዓት ሆነ። ከቤት እስከ ቤት 5 ሰዓት ተኩል!

እኔስ ደረስኩ። አክስቴ ከዚያው ሰርግ ስትመለስ የባሰ ገጠማት። ትኬቷ 07:00 ይላል። የሸጠላትም ሰው አላስረዳትም። «7 ሰዓት ነው» ብላ፣ ሁለት ሰዓት ቀድሜ ልድረስ ብላ፣ ድፎ ዳቦዋን በነጠላ ቋጥራ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ከች አለች። አውሮፕላኑ ከሄደ 4 ሰዓት አልፎታል። «ልጄ፣ 7 ይላል እኮ!» እያለች ወረቀቱን ለጥበቃው ስታሳየው ነበር አሉ። ያ ዳቦ ሱሉልታ የደረሰው በማግስቱ ነው፣ ደርቆ።

ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን በሚቀጥለው እትም አርሙልን። የበረራ ሰዓት ስትጽፉም በእኛ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። 07:00 ማለት ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ለአክስቴ ቆርጬ እሰጣታለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሱሉልታ