ተሰባሪ ዕቃ በካርቶን ውስጥ ሊላወስ አይገባም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ቤት ሲለቀቅ ወይም ዕቃ ለወራት ሲቀመጥ ሸክላና ብርጭቆ የሚሰበረው በመውደቅ ብቻ ሳይሆን፣ በካርቶኑ ውስጥ ባዶ ቦታ ተትቶለት እርስ በርሱ ስለሚጋጭ ጭምር መሆኑን አንባቢያን ልብ እንዲሉት በማሰብ ይህን አጭር ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሳህን እንደ ተለመደው ተነባብሮ ከሚተኛ ይልቅ፣ እያንዳንዱ በወረቀት ተጠቅልሎ በጠርዙ ቢቆም ጫናንና ንቅናቄን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል። የካርቶኑ ወለል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የተጨማደደ ወረቀት ሊነጠፍበት ይገባል፤ ክፍተቱም ሁሉ ካርቶኑ ሲነቀነቅ ድምፅ እስከማይሰማ ድረስ መሞላት አለበት። ብርጭቆን በብርጭቆ ውስጥ መሰካት ቦታ ቢቆጥብም፣ ተጣብቆ ሲላቀቅ ሊሰነጠቅ ስለሚችል አልደግፈውም።

ቅር አይበላችሁና፣ ጋዜጣ ራሱ ለመጠቅለያነት ምርጥ አይደለም፤ ቀለሙ ወደ ነጭ ሸክላ ሊተላለፍ ስለሚችል ዕቃውን የሚነካው ያልታተመበት ወረቀት ሆኖ፣ ጋዜጣው ክፍተት መሙያ ቢሆን ይሻላል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ካርቶን ከእርጥብ ወለል ከፍ ማለት ይኖርበታል። «ተሰባሪ» የሚለው ጽሑፍም ካርቶኖች ሲደራረቡ እንዳይሸፈን ከክዳኑ ይልቅ በጎኖቹ ላይ ቢጻፍ ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ