ቡፌውን ከማስፋቅሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናትሽ ያረፉ ጊዜ በስልክ አብረን ካለቀስን ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ዝምታው የበረታው በእኔ በኩል ስለሆነ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ዛሬ ለመጻፍ ያስቸኮለኝ ታናሽ ወንድምሽ የነገረኝ ነገር ነው። የእማማን ቤት ለማደስ እንደተነሣሽ፣ የሳሎኑን የዋንዛ ቡፌና ሦስቱን የጅማ በርጩማዎችም አስፍቀሽ አዲስ ቨርኒሽ ልታስቀቢያቸው መሆኑን ሰማሁ። እባክሽ፣ ይህን ደብዳቤ እስክትጨርሺ ድረስ አናጢውን አቆዪው።

ይህን የምልሽ በራሴ ስለደረሰብኝ ነው። አባቴ ይጽፍበት የነበረውን የዝግባ ጠረጴዛ ከሀገር ልወጣ ስል አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ወስጄ «እንደ አዲስ አድርጉልኝ» ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ጠረጴዛው ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን የአባቴ ክንድ ያርፍበት የነበረው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲታሽ ጠቁሮና ለስልሶ የኖረው ቦታ የለም። ጠርዙ ላይ የነበረችው የቀለም ጠብታም አብራ ሄዳለች። ያ ገጽ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ብርሃን፣ የእጅ ወዝና ዘመን ተባብረው የሚሠሩት ስለሆነ አንዴ ከተፋቀ የትኛውም ባለሙያ አይመልሰውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቡፌው ላይ አስቀያሚ ሆነብኝ ብለሻል የተባለው ነጭ ክብ ትኩስ ጀበና የተወው ምልክት ይመስለኛል። ነጭ ከሆነ እርጥበቱ የገባው ቅቡ ውስጥ እንጂ እንጨቱ ውስጥ አይደለም ማለት ነው፤ ጥቂት ሰም በለስላሳ ጨርቅ ይዘሽ ደጋግመሽ ብታሺው ብዙ ጊዜ ይለቃል። ጥቁር ቢሆን ግን ውኃው እንጨቱ ድረስ ዘልቋል፤ እሱን ሳትነኪ ተዪው። ቅቡ ምን እንደሆነ ለማወቅ ከቡፌው ጀርባ፣ በማይታይ ቦታ፣ አልኮል በነካ ጥጥ ዳበስ አድርጊው። ከለሰለሰና ጥጡ ላይ ከተጣበቀ ሼላክ የሚባለው፣ በአልኮል የሚሟሟው ቅብ ነው፤ ስለዚህ አልኮል ያለበት ማጽጃ ከቶ አይጠጋው።

ለጽዳቱ ከአሮጌ ነጠላ የሚሻል ጨርቅ አላገኘሁም። በጣም ጨምቀሽ፣ እርጥበቱ ለእጅሽ ብቻ እስኪሰማሽ ድረስ፣ አቧራውን አንሺ፤ ወዲያው በደረቅ ነጠላ አድርቂው። ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሰም መቀባት ይበቃዋል። እናትሽ ጠጅ ሲጥሉ ይተርፍ የነበረውን ሰፈፍ ታስታውሺያለሽ? እሱኑ አቅልጠሽ በጨርቅ ብታጠይው ጥሩ ሰም ይወጣዋል። አንድ እጅ ሰም በሦስት ወይም በአራት እጅ ተርፐንታይን፣ ማለትም በቀለም ማቅጠኛ፣ ይለወሳል፤ ሰሙን ሙቅ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጪው፣ ተርፐንታይኑን የምትጨምሪው ግን ከእሳት ካራቅሽው በኋላ ይሁን፤ ተቀጣጣይ ነው። ስስ አድርገሽ ቀቢና ደረቅ ሲል ወልውዪው። የምግብ ዘይትና ቅቤ ግን ይከረፋል፣ ይሙለጨለጫል፣ አቧራም ይሰበስባል። በቆርቆሮ ተሞልቶ የሚረጨው ማብረቂያም ብዙውን ጊዜ ሲሊኮን አለበት፤ እሱ የነካው እንጨት ኋላ ቅብ አልይዝ ይላል።

አናጢው የተልባ ዘይት ልቀባ ካለሽ ደግሞ ጨርቁን አደራ እልሻለሁ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ ከራሱ ሙቀት ብቻ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጪ ዘርግተሽ አድርቂው ወይም ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊው።

መሳቢያው አልከፈት ማለቱንም ሰምቻለሁ። አሁን ክረምት ነው፤ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ በወርዱ አብጧል። ዛሬ ካስላግሽው በጥር ወላልቆ ታገኚዋለሽ። ጎኖቹን ሻማ አሺላቸውና በጋ እስኪገባ ታገሺ። የበሩም ሳንቃ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ሳይጣበቅ የተቀመጠው አናጢው ረስቶት አይደለም፤ ሲያብጥና ሲኮማተር እንዲንቀሳቀስ ብሎ ነው። «ይወዛወዛል» ብሎ ኮላ የሚጨምርበት ሰው ቢመጣ ከልክዪው፤ መንቀሳቀሻ ያጣ ሳንቃ መሐሉን ይሰነጠቃል።

ይህን ያስተማረኝ አንቺ ስትሸኚኝ የሰጠሽኝ በርጩማ ነው። የጅማ በርጩማ ሦስት እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ ወጥ ሆኖ የተፈለፈለ ስለሆነ የሚላቀቅ መጋጠሚያ የለውም፤ የሚያሰጋው መድረቅ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ በመጀመሪያው የበረዶ ወቅቴ ከቤት ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጬው ነበር። አንድ ሌሊት ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሲነጋ ከመቀመጫው ጠርዝ ወደ መሐል የእርሳስ ውፍረት ያለው ስንጥቅ ነበረ። በዚያ ወር የቤቱ አየር እርጥበት ከ30 በመቶ በታች ነበር። ስንጥቁን በእንጨት ዱቄትና በኮላ ልደፍነው ተነሥቼ አንዲት የሙዚየም ዕቃ ጠጋኝ ከለከለችኝ፤ በሰኔ እንጨቱ ተመልሶ ሲያብጥ ድፍኑ መልሶ ይገፋዋል አለችኝ። ከማሞቂያው አርቄ አየሩን በውኃ ትነት ማራስ ጀመርኩ፤ እርጥበታማው የሰኔ ሙቀት ሲመጣ ስንጥቁ ጠቦ ወረቀት ብቻ የሚያስገባ ሆነ። እንደዚያው ትቼዋለሁ። ገልብጬ ሳየው ከሥሩ የጠራቢው የመሮ ምልክት ዛሬም በጣት ይዳሰሳል፤ ያንቺዎቹም ሥራቸው እንደዚያው ነው፣ ገልብጠሽ እያቸው።

ሳሎኑን ስታደራጂ ቡፌውን ከመስኮቱ ፊት አንሺው፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ፀሐይዋ የእንጨት መልክ ትለውጣለች። ከግድግዳውም አንድ ስንዝር አርቂው፣ እርጥበት እንዳይጋባበት። እግሩ ላይ አሉ የተባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን ሳያሳስቡኝ አልቀሩም። ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፊና ለሁለት ሳምንት ተመልከቺው፤ አዲስ ዱቄት ከወደቀ ነቀዙ በሕይወት ሊኖር ይችላል፣ ምንም ካልወደቀ ያረጀ ጠባሳ ሳይሆን አይቀርም።

የቡፌውን ጀርባና የእግሮቹን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው፤ አናጢው ከመምጣቱ በፊት ደውይልኝ።

የማትረሳሽ ጓደኛሽ