ይድረስ ለሰዒድ

ሰዒዴ፣ እንዴት ነህ? እናትህስ ደህና ናቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብህ። ተቀይሜህ አይደለም። የእድሪስ ሕመም ነው የያዘኝ።

ታናሽ ወንድሜን ታውቀዋለህ፤ እንደ ሸንበቆ የተመዘዘው ልጅ። መነጽር ሊያወጣ ሄዶ የዓይኑ ሌንስ ከቦታው ተንሸራቶ አገኙት። ሐኪሙ ጣቶቹን አየና ለልብ ኢኮ፣ ልብን በድምፅ ሞገድ ለሚያሳየው ምርመራ፣ ላከው። ማርፋን ሲንድረም ነው አሉን። ሰውነትን አያይዞ የሚይዘውን ሕብረ ሕዋስ የሚያላላ በሽታ ነው። ከልብ የሚወጣው ዋናው የደም ሥር፣ አኦርታ፣ መነሻው ላይ 5.2 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። ማርፋን ላለበት ሰው 5 ሲሞላ ቀዶ ጥገና ይመከራል። ከቤተሰቡ አኦርታው የተሰነጠቀበት ካለ ደግሞ 4.5 ላይም ሊሠራ ይችላል።

የኮምቦልቻዋን ቦታ ሸጠን ሕንድ ወሰድነው። ያበጠውን ቆርጠው በጨርቅ ቱቦ ተኩት። ቤንታል በሚባለው መንገድ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው የልብ በር፣ ቫልቩም፣ አብሮ ይቀየራል። የብረት ቫልቭ ከሆነ ዋርፋሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ዕድሜ ልክ ነው፤ የደሙንም ቅጥነት እየተመላለሱ ማስመርመር አለ። የእሱ ቫልቭ ግን ደህና ስለነበር አተረፉለት። ቱቦው ውስጥ መልሰው ሰፉት። ቲሮን ዴቪድ የሚባል የቶሮንቶ ሐኪም የጀመረው ዘዴ ነው። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በሩ ላይ ተቀምጬ ዱዓ አደረግሁ። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ደህና ነው። የቀረው አኦርታም ሊያብጥ ስለሚችል በየዓመቱ ይታያል።

የጻፍኩልህ ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። ሐይቅ እናንተ ቤት ያደርኩበትን ሌሊት አስታውስ። አባትህ «ደረቴ ተቀደደ» እያሉ ጀርባቸውን ያዙ። ሳይነጋ አለፉ። ሰው ሁሉ ውጋት ነው አለ፤ እኔም አመንኩ። ሐኪሙ አኦርታ ሲሰነጠቅ ሕመሙ ምን እንደሚመስል ሲነግረኝ የአባትህ ድምፅ ነው ጆሮዬ ላይ የመጣው። እሳቸውም ረጅም ነበሩ። አንተም አውራ ጣትህን መዳፍህ ውስጥ አጥፈህ ስትጨብጥ ጫፉ በወዲያ በኩል ይወጣ ነበር። እድሪስንም ሐኪሙ እንዲያ አስጨብጦ አየው።

ላይሆን ይችላል፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን በሽታው ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ኢኮ አያምም። በጊዜ ከታወቀ መድኃኒት አለ፣ ቀዶ ጥገናም አለ። አባትህ ይህን ዕድል አላገኙም። አብሽር፣ ግን አትዘግይ። ልጆችህንም አሳያቸው። እስክትታይ ጆንያ አታንሳ። ሐኪሙ አኦርታህን ሲለካ ቁጥሩን ጠይቀህ ጻፍልኝ።

ወንድምህ ከማል
ደሴ