ለጤና ሚኒስቴር፦ የጉበት ካንሰር ሕክምና ለምን ህንድ ድረስ ያስኬዳል?

ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ አልትራሳውንድ ላይ ጉበቱ ላይ እጢ ከታየ በኋላ ማስታገሻ ተሰጥቶት ወደ ቤት ነው የተላከው፣ ሌላ አማራጭ አለ ወይ ብለን ስንጠይቅ ዶክተሩ ቀስ ብሎ አቅም ካላችሁ ህንድ ሂዱ አለን። ያለው ሰው ቤቱን ሸጦ፣ ሜዲካል ቦርድ አስፅፎ፣ ዶላር ለምኖ ይሄዳል፣ የሌለው ደግሞ ይቀመጣል።

እዛ የሚሰራው ኬሞኢምቦላይዜሽን ይባላል። በብሽሽት ወይ በእጅ አንጓ ደም ስር ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ይገባና በኤክስሬይ እየታየ ጉበት ውስጥ እጢውን የሚመግበው ቅርንጫፍ ድረስ ይሄዳል፣ ከዛ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ሊፒዮዶል ከሚባል ዘይት ጋር ተደባልቆ እዛው ይለቀቅና ደም ስሩ ይዘጋል። ጤነኛው ጉበት አብዛኛውን ደሙን የሚያገኘው ከአንጀት ደም ከሚያመጣለት ደም ስር፣ ከፖርታል ቬን ነው፣ እጢው ግን ሄፓቲክ አርተሪ ከሚባለው የጉበት ደም ቅዳ ቧንቧ ነው የሚመገበው፣ ስለዚህ መድኃኒቱ እጢው ላይ ይበረታል ለቀረው ሰውነት የሚደርሰው ግን ያንሳል። ትኩሳት፣ ሕመምና ማቅለሽለሽ አለው፣ ግን በ2002 ከባርሴሎናና ከሆንግ ኮንግ የወጡት ጥናቶች ተገቢው ሰው ከተመረጠ ዕድሜ እንደሚያራዝም አሳይተዋል።

ዶክሶሩቢሲን እኮ ለጡት ካንሰር እዚሁ የሚሰጠው ያ ቀዩ መድኃኒት ነው! ለልብ የሚያገለግል ካት ላብም (በኤክስሬይ እየታየ ካቴተር የሚገባበት ክፍል) አለን፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳን ለጉበት ታማሚ ቢመደብ ምን ይከብዳል? ማይክሮካቴተር (በጣም ቀጭኑ ካቴተር) እና ሊፒዮዶል በመንግስት ግዢ ዝርዝር ውስጥ ይግቡ፣ ይሄን የሚሰሩ ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂስቶች በብዛት ይሰልጥኑ። አሁን የሚሰራበት ቦታ ካለም የት እንደሆነና ስንት እንደሚያስከፍል በይፋ ንገሩን፣ ሕመምተኛ በሰው በሰው እያጠያየቀ ጊዜው አይለፍበት።

ጊዜ ያልኩት በምክንያት ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነና ሆድ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ይሄ ሕክምና ለብዙው ሰው አይሆንም፣ እንዲያውም የደከመውን ጉበት ይብስ ሊጎዳው ይችላል። እኛ ጋር ደግሞ የወፍ በሽታ ነው እየተባለ ስንቱ ሳይመረመር ይቆያል። ሄፓታይተስ ቢ ኖሮበት ለካንሰር የተጋለጠ ሰው በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ መነሳት አለበት፣ ይሄ ክትትል ጤና ጣቢያ ድረስ ይውረድልን፣ የጤና መድህኑም ይሸፍነው።

መልሳችሁን በገፃችሁ ላይ በግልፅ እንጠብቃለን።