ተማሪዎችን በዲጂታል ትረካ ስለመመዘን

ውድ አባላት፣

ከተግባር ልምምድ በኋላ ተማሪዎች ከሚያስገቡት የጽሑፍ ሪፖርት አንዱን በዲጂታል ትረካ እንድንተካ ሐሳብ አቀርባለሁ። ትረካው ተማሪው ከአንድ ታካሚ ጋር ያሳለፈውን ገጠመኝ በራሱ ድምፅ፣ በጥቂት ምስሎች አጅቦ የሚያቀርብበት የ2 ወይም የ3 ደቂቃ ቪዲዮ ነው።

የሕክምና ትምህርት ምሁሩ ጆርጅ ሚለር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1990 የሙያ ብቃት ምዘናን በደረጃ ለማሳየት ባቀረበው ፒራሚድ ከታች ማወቅ፣ ከላይ ደግሞ በእውነተኛ ሥራ ላይ መፈጸም ተቀምጠዋል። የምርጫ ፈተና ከታችኞቹ ደረጃዎች እምብዛም አያልፍም። ትረካም ቢሆን መርፌ አወጋግን አይመዝንም፤ ለዚያ የተግባር ፈተናው ይቀጥላል። ተማሪው ታካሚውን እንዴት እንዳዳመጠ፣ ምን እንዳመለጠውና ለምን እንደዚያ እንደወሰነ ግን በትረካው ይሰማል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

አብዝቼ የማስብበት የታካሚው ምስጢር ነው። ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ቀኑ፣ ክፍሉ ወይም ብርቅ የሆነ በሽታ ሰውየውን ሊያሳውቅ ይችላል። ስለዚህ የታካሚ ፎቶ ፈቃድ ቢኖርም ጨርሶ ባይገባ እመርጣለሁ። ተማሪውም ያዘነበትን ታሪክ በክፍል ፊት እንዲያሳይ አይገደድ፤ ለመዛኞቹ ብቻ ማቅረብ ይችላል።

ነጥቡ ለቪዲዮው ውበት አይሰጥ። አለዚያ የተሻለ ስልክ ያለው ተማሪ ይጠቀማል። መጀመሪያ የትረካውን ጽሑፍ እንቀበል፣ አስተያየት እንስጥበት፣ ከዚያ ይቀረጽ። እያንዳንዱን ሥራም ሁለት መምህራን ለየብቻ ይመዝኑት።

የመመዘኛ ረቂቁን ከቀጣዩ ስብሰባ በፊት እልክላችኋለሁ። በተለይ የታካሚ ፈቃድ የሚጠየቅበትን ክፍል አንብባችሁ ሐሳባችሁን ላኩልኝ።