«ታማኝ ሾፌር ጠፋ» ላሉት ባለንብረት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሚኒባስ ባለንብረት «ታማኝ ሾፌር ጠፋ» ብለው የጻፉላችሁን ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት፣ ጨርሼ ደሞ እንደገና ከላይ ጀመርኩት፣ ምክንያቱም የዛሬ 5 ዓመት ቢሆን እኔም ይሄንኑ ነበር የምጽፈው። ሾፌር ነዳጅ ይሸጣል፣ ሳይናገር ይጠፋል፣ መኪና አጋጭቶ ስልኩን ይዘጋል፣ ዋሱ ደሞ አላውቀውም ይላል። ሰውዬው አንድም ነገር አልዋሹም፣ ሁሉም እኔም ላይ ደርሷል። ግን ያልጻፉት ነገር አለ፣ እሱን ነው ልናገር የፈለኩት።

እኔ አራት ሃይሩፍ ሚኒባስ ነው ያለኝ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሰርቪስ እንሠራለን። ባለቤቴ በአንድ መኪና ጀመረው፣ እሱ ሲያርፍ እኔ ያዝኩት። ቢሯችን ዶሮ ማነቂያ ነበር፣ በ2016 ሰፈሩ ሲነሳ ወደ ቸርችል ወረድን፣ አሁን አንዲት ክፍል ውስጥ ነን። ሾፌሮቼ አራት ናቸው፣ አንድ ተጠባባቂ አለ፣ ሒሳብ የምትይዝልኝ ልጅ አለች፣ በቃ ይሄ ነው ድርጅቱ። እንደኛ ያለ ትንሽ ቤት «የሰው ኃይል ክፍል» ምናምን የለውም፣ ቀጣሪም አባራሪም ደሞዝ ከፋይም እኔው ነኝ፣ ስለዚህ ሕጉን ካላወቅኩት የሚያውቅልኝ ሰው የለም ማለት ነው።

በ2014 አንድ ሾፌር በደላላ ቀጠርኩ። ደላላው ከኔም ተቀበለ ከልጁም ተቀበለ፣ ያን ጊዜ ልክ ነው ብዬ ነበር፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ግን ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ ሰው ከሠራተኛው ላይ በቀጥታም በተዘዋዋሪም ክፍያ እንዲቀበል አይፈቅድም። ደሞዙ 6,000 ብር፣ «ለሁለት ወር ሙከራ ነህ» አልኩት በቃል፣ እሺ እትዬ አለኝ፣ ቁልፍ ሰጠሁት። ወር ከሃያ ቀን ሠራ። ሦስት ጧት አረፈደ፣ ሰርቪስ የምንሰጠው መሥሪያ ቤት ደውሎ ጮኸብኝ፣ እኔም ተናድጄ ማታ ደወልኩና «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አልኩት። ለኔ ነገሩ እዚያው ያለቀ ነበር የመሰለኝ፣ ሙከራ ላይ ነበራ!

መጥሪያ መጣ። ዳኛዋ የጠየቁኝ መጀመሪያ «የሙከራ ጊዜ ስምምነቱ የታለ?» ብለው ነው። በቃል ነው አልኩ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልሆነ አይቀበልም፣ ቢበዛም 60 የሥራ ቀን ነው። ወረቀት ስለሌለኝ ልጁ ሙከራ ላይ አልነበረም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ነው ተባለ። ቀጥሎ «ስለ ማርፈዱ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተሻል?» አልሰጠሁም። «የስንብት ደብዳቤ ምክንያቱንና ቀኑን ገልጸሽ ሰጥተሻል?» አልሰጠሁም። የ180 ቀን ደሞዝ ካሳ 36,000 ብር፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ የአንድ ወር 6,000፣ በድምሩ 42,000 ብር ክፈይ ተባልኩ። ያንን ብር ለአንዱ መኪና ጎማ ብዬ ነበር የያዝኩት።

ያን ቀን ዳኛዋንም ልጁንም ረግሜ ነው የወጣሁት። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ሌላ ነው፣ ወረቀቱ ቢኖር ኖሮ ልጁን በ60 ቀን ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያም ያለ ካሳም ማሰናበት እችል ነበር፣ ሕጉ እኔንም ይጠብቀኝ ነበር ማለት ነው፣ ግን የሚጠብቀኝ አንድ ገጽ ከጻፍኩ ብቻ ነው። ብዙ ባለንብረቶች ውል ስንል ሠራተኛውን የሚጠቅም፣ እኛን የሚያስር ነገር ይመስለናል፣ «ውል ከሰጠሁት ነገ ይከሰኛል» እንላለን። የኔው ሾፌር ያለ ውል ነው የከሰሰኝ፣ ያውም አሸንፎ። በጽሑፍ አለመሆኑ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም፣ የሚያስቀረው የአሠሪውን ማስረጃ ነው። ውል ባይኖር እንኳን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ነገር ዘርዝሮ ፈርሞ የሚሰጠው ደብዳቤ አለ፣ እሱንም አልሰጠሁም ነበር።

ሰዓቱን ልንገራችሁ ደሞ፣ ምክንያቱም ሰርቪስ ላይ ትልቁ ጣጣ እሱ ነው። የኛ ሾፌር ከንጋቱ 11:30 ይነሳል፣ 2:00 ሰዓት ሰው አድርሶ ይጨርሳል፣ ከዚያ እስከ 10 ሰዓት መኪናው ይቆማል፣ ማታ ሰው በትኖ መኪና አስገብቶ 1:30 ይሆናል። ባለንብረቱ «የሠራው እኮ ስድስት ሰዓት ነው» ይላል፣ እኔም እል ነበር። ግን ቀን ላይ ልጁ መኪናው አጠገብ ነው፣ እደውልለትና ጎማ አስነፋ እለዋለሁ፣ እቃ አምጣ እለዋለሁ፣ ቤቱ ሄዶ መተኛት አይችልም። ሕጉ የሥራ ሰዓት የሚለው የሚሠራበትን ብቻ አይደለም፣ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ነው። መደበኛው በቀን 8 ሰዓት በሳምንት 48 ነው፣ ከዚያ በላይ ሲሆን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ደሞ 1.75፣ በሳምንት እረፍቱ ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል። ትርፍ ሰዓቱም ቢሆን ዝም ብሎ አይለጠጥም፣ በቀን 4 በሳምንት 12 ሰዓት ነው ጣሪያው። እኔ አሁን ቀን ላይ ያለውን ሰዓት በእውነት ነፃ አድርጌዋለሁ፣ ቁልፉን ቢሮ ያስቀምጣል፣ አልደውልለትም፣ ቤቱ ይሄዳል። በፊት መንገድ ላይ እንቅልፍ ይዞት ለጥቂት የተረፈ ሾፌር ነበረኝ፣ ከዚያ ወዲህ እንደዛ የሚባል ነገር አልሰማሁም።

ወደ ዋስ ልምጣ፣ ሰውዬው በደብዳቤያቸው ብዙ የጻፉት ስለሱ ስለሆነ። እኛ ሾፌር ስንቀጥር ሁሉን ነገር የጣልነው ዋስ ላይ ነው። ልምዱን አንጠይቅም፣ መንጃ ፈቃዱ ፎርጅድ ይሁን እውነተኛ ካወጣበት ቅርንጫፍ አናጣራም፣ «ደሞዝተኛ ዋስ አምጣ» ብቻ። አንድ ሾፌሬ መኪናውን ጎድቶ ሲጠፋ ዋሷን ጠራኋት። የአክስቱ ልጅ ናት፣ አስተማሪ። ቢሮዬ መጣች፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ማሰሪያውን ታጥፋለች ትፈታለች፣ «እትዬ እኔ እኮ ሥራ ይግባ ብዬ ነው፣ ስንት እንደሆነም አልነገሩኝም» አለችኝ። የፈረመችው ወረቀት «ለሚደርሰው ጉዳትና ጉድለት ሁሉ ሙሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ» ይላል፣ ከኮፒ ቤት የተገዛ ፎርም ነው፣ ሁላችንም ጋ ያለው እሱ ነው።

ጠበቃ ጋ ይዤው ሄድኩ። አንዴ አየና መለሰልኝ። የ1952ቱ የፍትሐብሔር ሕግ ላይ የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ሁለት ምስክር ሊፈርምበት ይገባል፣ ከሁሉ በላይ ደሞ ዋሱ የሚከፍለው የገንዘብ ጣሪያ ካልተጻፈ ውሉ ውጤት የለውም። «ሁሉንም» ብሎ መፈረም ምንም እንደማለት ነው። ስለዚህ ሰውዬው «ዋሱ ካደኝ» ሲሉ እኔ የምጠይቃቸው ብር ተጽፎበታል ወይ የሚለውን ነው፣ ካልተጻፈ ዋስ አልነበረዎትም። ለዚያች አስተማሪም የብር መጠን ሳይነግሯት ማስፈረም ነውር ነው፣ ሕጉ ባይከለክል እንኳን ነውር ነው።

ከደሞዝ መቁረጥም እንደዛው። ትራፊክ ቀጣው፣ መስታወት ሰበረ እያልን በራሳችን ሒሳብ እንቆርጣለን። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ መቁረጥ አይቻልም፣ ተስማምቶም በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዙ ከሲሶ በላይ አይሄድም።

ታክሲ ያላችሁ ደሞ «እኔ ቀጣሪ አይደለሁም፣ ገቢ ነው የምቀበለው፣ ትርፉ የሱ ነው» ትላላችሁ። እሺ፣ አዋጁ በራሱ የንግድ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው አያካትትም፣ ይሄ እውነት ነው። ግን መስመሩን አንተ ከወሰንክለት፣ ሰዓቱን ከወሰንክለት፣ ረዳቱን አንተ ከመረጥክለት የራሱ ንግድ የሚሆነው በምኑ ነው? ደሞም ሰው ቢገጭ በፍትሐብሔር ሕጉ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ባለቤቱ ነው፣ በገቢ ነው የሰጠሁት ማለት አያድንም። ረዳቶቹን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፣ ከ15 ዓመት በታች ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፣ 18 ያልሞላው ደሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ትርፍ ሰዓትና ሌሊት አይሠራም፣ ምሽት 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ በር ላይ ተንጠልጥሎ የምናየው ልጅ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን?

አሁን ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈኝን ነገር ልንገራችሁ።

አምና ተጠባባቂ ሾፌር ፈልጌ በደላላ ሳይሆን በቴሌግራም ማስታወቂያ አወጣሁ፣ የሥራ ሰዓቱን፣ ደሞዙን፣ የሙከራ ጊዜውን ጽፌ። ከመጡት አንዱ 49 ዓመቱ ነው፣ ጸጉሩ ግማሹ ሸብቷል። መንጃ ፈቃዱን ከመሐረብ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ጠርዙ ተልጧል፣ ግን የታደሰ ነው። «ስንት ዓመት ነዳህ?» አልኩት፣ «27» አለኝ። «የሥራ ልምድ ወረቀት?» ዝም አለ። ከዚያ በጣቱ ይቆጥርልኝ ጀመር፣ መርካቶ አይሱዙ ነዳሁ፣ ሜክሲኮ ታክሲ ነዳሁ፣ እንትና ጋ ስድስት ዓመት፣ እንትና ጋ አራት፣ አንዱ ባለንብረት ሞተ፣ አንዱ መኪናውን ሸጦ ሄደ። «እትዬ፣ ወረቀት ማን ይሰጠኛል ብለው ነው» አለ። 27 ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አንድ ገጽ አልጻፈለትም። አዋጁ ሠራተኛው ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደሞዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ ስጡት ይላል፣ በነፃ! ጡረታም አልተከፈለለትም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከወጣ ስንት ዓመት ሆነው፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው፣ በየወሩ ቢገባለት ዛሬ የሚቆጠርለት ዓመት ይኖረው ነበር።

ቀጠርኩት። መጡረቻው 60 ነው፣ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት መክፈል ያስፈልጋል፣ ስለዚህ 11 ዓመት አለው፣ ለጥቂት ነው የደረሰው። ሦስት ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ አይሞላለትም ነበር።

እና ለዚያ ጸሐፊ ማለት የምፈልገው ይሄ ነው፣ ታማኝ ሾፌር የጠፋው እኛ ስለታማኝነቱ አንድም ጊዜ ስላልጻፍን ነው። የሰረቀውም የታመነውም ከኛ ቤት ሲወጡ እኩል ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ፣ ቀጣዩ ባለንብረት በምን ይለያቸው? እኔ የታማኙን ማስረጃ ካልጻፍኩለት እርሶ ደሞ እሱን ሲያገኙት ከሌባው አይለዩትም፣ ዋስ አምጣ ነው የሚሉት።

ሥራና ክህሎት ቢሮም አንድ ነገር ቢያደርግልን ደስ ይለኝ ነበር። እኛን ለማግኘት ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም፣ ሁላችንም በየዓመቱ ለቦሎ መኪና ይዘን እንሰለፋለን፣ እዚያ ወረፋ ላይ አንድ ገጽ ሞዴል ውል ቢያድሉን፣ የሙከራ ጊዜው፣ ሰዓቱ፣ ደሞዙ፣ ክፍያው መቼ እንደሆነ፣ የሥራ ቦታው ባዶ ቦታ ተትቶለት፣ ከጀርባው ደሞ የሥራ ልምድ ማስረጃ ፎርም ቢኖረው ስንቱ ይገላገል ነበር። ጋዜጣችሁንም አራት ኪሎ ላይ ተከራይቶ የሚያነበው ሥራ ፈላጊ ብዙ ነውና በሳምንት አንዴ ለሕጉ ትንሽ ዓምድ ብትሰጡ የሚጠቀመው ሁለቱም ወገን ነው።

እኔ አሁን የምጠቀምበትን ባዶ ውልና የማስረጃ ፎርም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ፣ ጠበቃ አይቶታል። ለባለፈው ሳምንቱ ጸሐፊ አድራሻቸው እናንተ ጋ ስላለ ብትልኩላቸው፣ የሚቀረው ስም መሙላትና ሁለቱም መፈረም ነው።

አክባሪያችሁ
የሰርቪስ መኪና ባለንብረት፣ ከቸርችል ጎዳና